ከጠፈር የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ ብርታቱ እንዴት ይለካል?

ካሲዮፒያ ኤ የተባለው የሰማይ አካል ወደ 11 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ይርቀናል። የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ነው። በዓይን ፈልጎ ማግኘት ፈጽሞ አይቻልም፤ በራዲዮ ሞገድ ግን ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ ካሉት እጅግ ደማቅ ምንጮች አንዱ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነት አካላት በሚወጡ ዜናዎች ውስጥ «ብርታቱ ይህን ያህል ጃንስኪ ነው» የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ ያለ ማብራሪያ ተጥሎ ይታለፋል። አንባቢ ቁጥሩን እንደ ኪሎ ግራም ወይም እንደ ሜትር ቆጥሮት ሊያልፍ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። ከሰማይ የሚመጣን ሞገድ መቀበል የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ አስቸጋሪው የተቀበሉት ስንት እንደሆነ አረጋግጦ መናገር ነው።

ጃንስኪ ማን ነበር? መለኪያውስ ምን ይለካል?

ካርል ጃንስኪ በአሜሪካ በቤል የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። የተሰጠው ሥራ ከጠፈር ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚደረገውን የራዲዮ ስልክ ግንኙነት የሚያውክ ጫጫታ ከየት እንደሚመጣ እንዲያጣራ ነበር የታዘዘው። በኒው ጀርሲ ሆልምዴል በ20.5 ሜጋሄርዝ ላይ የሚሠራ፣ በመንኮራኩር የሚዞር ረጅም አንቴና ተከለ። ከመብረቅ የሚመጣውን ጫጫታ ከለየ በኋላ ምንጩ ያልታወቀ የማያቋርጥ ሹክሹክታ ቀረው። ሹክሹክታው ከፍ የሚልበት ሰዓት ከቀን ወደ ቀን በአራት ደቂቃ ገደማ እየቀደመ ይመጣ ነበር። ከዋክብት የሚወጡበት ሰዓት በየቀኑ የሚቀድመውም በዚያው ልክ ስለሆነ፣ ምንጩ ፀሐይም ምድርም ሊሆን አይችልም። ጃንስኪ በ1933 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሞገዱ ከፍኖተ ሐሊብ መካከል እንደሚመጣ አስታወቀ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1973 የብርታት መለኪያውን በስሙ ሰየመለት።

አንድ ጃንስኪ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ፣ በአንድ ሄርዝ የድግግሞሽ ስፋት ውስጥ የሚያርፍ እጅግ ኢምንት የሆነ የዋት ክፍልፋይ ነው። በቁጥር ለመጻፍ ዜሮ ነጥብ ተብሎ 25 ዜሮዎች ይደረደሩና መጨረሻ ላይ 1 ይቀመጣል። በፍቺው ውስጥ ካሬ ሜትሩም ሄርዙም የገቡት በምክንያት ነው። ትልቅ ሳህን ያለው ቴሌስኮፕ ከትንሹ የበለጠ ኃይል ይሰበስባል፤ ሰፊ የድግግሞሽ ክልል የሚቀበል መሣሪያም ከጠባቡ የበለጠ ይሰበስባል። ለሁለቱ ካልተካፈለ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሰማዩ ሳይሆን ስለ መሣሪያው ግዝፈት ይሆናል።

ከቁጥሩ ጎን ድግግሞሹ ለምን ይጻፋል?

ምክንያቱም አንድ ምንጭ በሁሉም ድግግሞሽ ላይ እኩል አይደምቅም። ሲግነስ ኤ የተባለው ሩቅ ጋላክሲ በ178 ሜጋሄርዝ ላይ ሲለካ 8,700 ጃንስኪ ያህል ነው፤ በ1,400 ሜጋሄርዝ ላይ ግን ወደ 1,600 ይወርዳል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ድግግሞሹ ሳይጠቀስ «ሲግነስ ኤ ይህን ያህል ጃንስኪ ነው» ማለት ግን ትርጉም የለውም።

ልዩነቱን የሚያመጣው ሞገዱ የሚፈጠርበት መንገድ ነው። በእነዚህ ምንጮች ውስጥ ኤሌክትሮኖች ለብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት በመግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ እየተጠማዘዙ ይከንፋሉ፤ አቅጣጫቸውን በቀየሩ ቁጥርም የራዲዮ ሞገድ ይረጫሉ። ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ብዙ፣ ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ጥቂት ስለሆኑ፣ ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር ድምቀቱ ይቀንሳል። እንደ ጨረቃ ያለ በሙቀቱ ብቻ የሚያበራ አካል ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በዚህ የራዲዮ ክልል ድግግሞሹ ከፍ ሲል እርሱም ይደምቃል። ስለዚህ የብርታት ቁጥሮች በተለያየ ድግግሞሽ ተለክተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ የምንጩ ማንነት መገለጥ ይጀምራል።

አንቴናው ላይ በትክክል የሚደርሰው ስንት ነው?

ከዳር እስከ ዳር 25 ሜትር የሆነ ሳህን እንውሰድ። ስፋቱ 490 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ የሳህኑ ጠርዝ፣ የድጋፍ ብረቶቹ ጥላና የመሳሰሉት ስለሚያባክኑበት በሥራ ላይ የሚውለው 300 ካሬ ሜትር ያህል ነው እንበል። ይህ ሳህን በ1,000 ሜጋሄርዝ ወደ ካሲዮፒያ ኤ ቢዞርና በአንድ ሜጋሄርዝ የድግግሞሽ ስፋት ቢያዳምጥ፣ አንድ ዋት ለአንድ ሺህ ትሪሊዮን ቢከፈል የአንዱ ክፍል ሦስት እጥፍ ያህል ይደርሰዋል። ልብ ይበሉ፤ ይህ እጅግ ደማቅ ከሚባሉት የሚገኘው ነው።

እንዲህ ያለ ኢምንት ኃይል በዋት እየጠሩ መሥራት አሰልቺ ስለሆነ ባለሙያዎቹ በሙቀት ይናገሩታል። ማንኛውም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሙቀት ስላለው ብቻ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ያወጣል፤ የጫጫታው ኃይልም ከሙቀቱ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ይህንን በ1928 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጆንሰን በሙከራ፣ ናይክዊስት በስሌት አሳይተዋል። ስለዚህ ከሰማይ የመጣውን ኃይል «ይህን ያህል ኬልቪን የሞቀ ነገር ከሚያወጣው ጫጫታ ጋር እኩል ነው» ብሎ መግለጽ ይቻላል፤ ኬልቪን ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው። በዚህ አነጋገር አንድ ጃንስኪ በ25 ሜትሩ ሳህን ላይ ከአንድ ኬልቪን አሥረኛው እጅ ጋር ይስተካከላል፤ ካሲዮፒያ ኤ ደግሞ ከ200 ኬልቪን በላይ ይሆናል። አንቴናው ሞቀ ማለት አይደለም። ሙቀቱ የኃይል መቁጠሪያ ብቻ ነው።

የመሣሪያው ጫጫታ ከምልክቱ ሲበልጥስ?

ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። የተቀበሉትን ምልክት የሚያጎላው ማጉያ ራሱ ይጮኻል፤ አየሩ ይጮኻል፤ ከሳህኑ ጠርዝ አልፎ የሚገባው የመሬት ሙቀት ይጮኻል። አንድ ደካማ ምንጭ ከዚህ ሁሉ ጋር ተደምሮ ነው የሚመጣው። መፍትሔው አልቆምም ያለ ሕፃን እንደሚመዘንበት ነው፦ እናት ልጇን አቅፋ ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ለብቻዋ ትመዘናለች፤ ልዩነቱ የሕፃኑ ክብደት ነው። ቴሌስኮፑም አንዴ ምንጩ ላይ፣ አንዴ ከምንጩ ራቅ ብሎ ባዶ ሰማይ ላይ ያነጣጥራል፤ የሁለቱ ልዩነት የምንጩ ድርሻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው ጫጫታ በባሕርዩ የሚዋልል መሆኑ ነው። መዋለሉ የሚቀንሰው በትዕግሥት ነው፤ በአንድ ሜጋሄርዝ ስፋት ለአንድ ሰከንድ ብናዳምጥ ከጠቅላላው ጫጫታ አንድ ሺህኛው ያህል ይዋልላል፤ ለ100 ሰከንድ ብናዳምጥ አሥር ሺህኛው ያህል ብቻ። መቶ እጥፍ ጊዜ የሚያስገኘው አሥር እጥፍ ጥራት ነው። ጠቅላላው ጫጫታ 70 ኬልቪን በሆነበት መሣሪያ፣ አንድ ጃንስኪ ብርታት ያለውን ምንጭ በአንድ ሰከንድ ውስጥ መለየት አጠራጣሪ ነው፤ በመቶ ሰከንድ ግን በግልጽ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው ችግር ትዕግሥት የማይፈታው ነው። ማጉያው የሚያጎላበት መጠን በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል። በዚሁ መሣሪያ ላይ መጠኑ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢዛነፍ ሰባት ጃንስኪ ብርታት ያለው ሐሰተኛ ምንጭ ሰማይ ላይ ይወለዳል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዲኪ በ1946 ያሳተመው ዘዴ ለዚህ ነው የታሰበው። መቀበያው በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተቀያየረ አንዴ አንቴናውን፣ አንዴ ሙቀቱ የታወቀ ማመሳከሪያን ያዳምጣል። ቅያሬው ፈጣን ስለሆነ ማጉያው በመካከል ለመዛነፍ ጊዜ አያገኝም። ግማሹ የማዳመጫ ጊዜ ለማመሳከሪያው መዋሉ ኪሳራ ነው፤ ግን የሚያዋጣ ኪሳራ ነው።

የመሣሪያው ጫጫታ ስንት እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። ሞገድ የሚውጥ ጥቁር ስፖንጅ መሰል ነገር በመቀበያው አፍ ላይ ይደረጋል፤ የክፍሉ ሙቀት 290 ኬልቪን ከሆነ መቀበያው የሚያዳምጠው የ290 ኬልቪን ጫጫታ ነው። ከዚያ ያው ስፖንጅ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተነክሮ ይደገማል፤ አሁን 77 ኬልቪን ሆኗል። በሁለቱ ጊዜ የተነበበው ኃይል ይካፈላል። የመጀመሪያው የሁለተኛው 2.5 እጥፍ ሆነ እንበል። መሣሪያው የራሱ ጫጫታ ባይኖረው ኖሮ ውጤቱ 290 ለ77 ማለትም ወደ 3.8 ይጠጋ ነበር፤ ወደ 2.5 ያወረደው በሁለቱም ላይ እኩል የተደመረው የመሣሪያው ጫጫታ ነው። ስሌቱ 65 ኬልቪን ይሰጣል፤ በሁለቱም ላይ 65 ደምረው ቢያካፍሉ 355 ለ142፣ ልክ 2.5 ነው።

በዚህ ሥራ የተጠነቀቁ ሁለት ሰዎች ሳያስቡት ታሪክ ሠርተዋል። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያው በሆልምዴል አንድ ግዙፍ የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴና ነበራቸው። ካቀዷቸው ሥራዎች አንዱ የካሲዮፒያ ኤን ብርታት ከማንም ሳይዋሱ ከሥሩ መለካት ነበር። ቀንዱ ለዚህ ምቹ ነው፤ ጎኖቹ የተዘጉ ስለሆኑ የመሬት ሙቀት እምብዛም አይገባበትም፤ የሚሰበስበውም መጠን በጥንቃቄ ሊታወቅ ይችላል። ለማመሳከሪያ በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ፣ ወደ አራት ኬልቪን የወረደ መሣሪያ ሠሩ። የእያንዳንዱን ክፍል ጫጫታ አንድ በአንድ ቆጥረው ሲደምሩ 3.5 ኬልቪን ያህል ተረፋቸው፤ ወዴትም ቢዞሩ አልጠፋ አለ። በ1965 የታተመው ይህ ትርፍ ጽንፈ ዓለም ከተወለደበት ዘመን የቀረ ሙቀት መሆኑ ታወቀ፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ለኔ የሚገርመኝ ግኝቱ በአጋጣሚ መገኘቱ አይደለም። ሂሳባቸውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም የሚቆጥሩ ሰዎች ባይሆኑ ኖሮ ያንን ትርፍ «የመሣሪያ ስሕተት» ብለው ያልፉት ነበር።

ሁሉም ቴሌስኮፕ እንዲህ ይለፋል?

አይለፋም፤ አይችልምም። የአንድን ትልቅ ሳህን ትክክለኛ የመሰብሰብ አቅም ከሥሩ መለካት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሳህኑ በክብደቱ ምክንያት ሲዘነብል ቅርጹ ይለወጣል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ይለጠጣል። ስለዚህ አብዛኛዎቹ የሚጠቀሙት ንጽጽርን ነው፦ ብርታቱ የታወቀ ምንጭ ይታያል፤ ከዚያ ያልታወቀው ይታያል፤ በሁለቱ ውጤት መካከል ያለው ጥምርታ መልሱን ይሰጣል። ከሥሩ የሚለኩት ጥቂት ሰዎች በትናንሽ ቀንዶችና ጥብቅ በሆነ ጥንቃቄ ደማቆቹን ይመዝናሉ፤ ሌላው ዓለም ከእነርሱ ይዋሳል። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት በጎርኪ ከተማ የነበረው የትሮይትስኪ ቡድን የጨረቃን የራዲዮ ሙቀት ለመለካት ሙቀቱ የታወቀ ጥቁር ክብ ሠርቶ ከአንቴናው ፊት ለፊት ርቆ በከፍታ ላይ ተከለ፤ «ሰው ሠራሽ ጨረቃ» ተባለ። እውነተኛዋን ጨረቃ ከዚያች ጋር ያወዳድሩ ነበር።

በየቦታው ተበትነው የነበሩትን ልኬቶች ባርስና ሦስት ባልደረቦቹ በ1977 በአንድ ሚዛን አሰባሰቧቸው። የሚዛኑ ምሰሶዎች ካሲዮፒያ ኤ፣ ሲግነስ ኤ፣ ታውረስ ኤ እና ቪርጎ ኤ ነበሩ። ታውረስ ኤ በ1054 ሲፈነዳ የቻይና ሊቃውንት የመዘገቡት ኮከብ ቅሪት ነው፤ ቪርጎ ኤ ደግሞ ኤም 87 የተባለው ጋላክሲ ነው።

ችግሩ ግን ከምሰሶዎቹ አንዱ እየተሸረሸረ መሆኑ ነው። የሶቪየቱ ሊቅ ሽክሎቭስኪ በ1960 ካሲዮፒያ ኤ እየሰፋ የሚሄድ ጉም ስለሆነ ድምቀቱ ከዓመት ወደ ዓመት መቀነስ እንዳለበት አስልቶ ተነበየ። ብዙም ሳይቆይ በካምብሪጅ የተደረገ ልኬት መቀነሱን አረጋገጠ። ፍጥነቱ በዓመት ከመቶ አንድ እጅ በታች ወይም ለዚያ የቀረበ ነው፤ በየድግግሞሹና በየዘመኑም ይለያያል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ይደማመራል። በ1980 በ1,000 ሜጋሄርዝ 2,700 ጃንስኪ ገደማ የነበረው ካሲዮፒያ ኤ በ2016 አካባቢ ወደ 2,300 ወርዷል፤ አንድ ጊዜ በግልጽ ይበልጠው ከነበረው ከሲግነስ ኤ ጋር በዚህ ድግግሞሽ እኩል ለመሆን ደርሷል። ታውረስ ኤም ይቀንሳል፤ እጅግ በዝግታ። ሲግነስ ኤ ግን በሰው ዕድሜ አይነቃነቅም፤ ሁለቱ የሞገድ ክንፎቹ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ስፋት ስላላቸው በአንድ ትውልድ ውስጥ የሚታይ ለውጥ ሊያሳዩ አይችሉም። ስለዚህ ለካሲዮፒያ ኤ ከድግግሞሹ በተጨማሪ የተለካበት ዓመትም መጻፍ አለበት።

ደማቆቹ ካሉ ሌላ ማመሳከሪያ ለምን አስፈለገ?

ደማቆቹ ሰፊዎች ናቸው። ካሲዮፒያ ኤ ሰማይ ላይ የጨረቃን ስድስተኛ ያህል ስፋት ይይዛል። ትንሽ ሳህን በአንድ እይታ ሙሉውን ይጠቀልለዋል፤ ትልቅ ሳህን ግን በከፍተኛ ድግግሞሽ ቁራሹን ብቻ ስለሚያይ ብርታቱን አሳንሶ ይዘግባል። ብዙ አንቴናዎችን አራርቀው በሚያገናኙ ቴሌስኮፖች ላይ ደግሞ ይባስ ይላል፤ እነዚህ ጥቃቅን ዝርዝር ያያሉ፣ ሰፊና ለስላሳ የሆነው ብርሃን ግን ያመልጣቸዋል። ስለዚህ እንደ ነጥብ የጠበበ፣ የማይለዋወጥ ምንጭ ያስፈልጋል። 3ሲ 286 የተባለው ኳሳር (በመሐሉ ባለ ጥቁር ጉድጓድ ምክንያት እጅግ የሚደምቅ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት) በ1,400 ሜጋሄርዝ 15 ጃንስኪ ገደማ ብቻ ነው፤ ግን ጠባብ ነው፤ ለአሥርት ዓመታትም አልተለዋወጠም። የኳሳር ነገር ሆኖ ይህ ብርቅ ጸባይ ነው፤ አብዛኞቹ በመሐላቸው ያለው ጥቁር ጉድጓድ በዋጠው ልክ ይዋዥቃሉ።

በኒው ሜክሲኮ የሚገኘውን የአንቴናዎች ጥርቅም ይዘው የሠሩት ፐርሊና በትለር በ2013 እና በ2017 ያወጡት ሚዛን ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል፤ ሁለተኛው ከ50 ሜጋሄርዝ እስከ 50 ሺህ ሜጋሄርዝ ይደርሳል፤ የስሕተቱ መጠን ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት እጅ ነው። ከፍ ባለው ድግግሞሽ መሠረቱ ማርስ ናት። የማርስ ድምቀት ደግሞ የተለካው ደብልዩማፕ በተባለችው ሳተላይት ነው። ሳተላይቷ ራሷን ያመሳከረችው በምን ነበር? ፔንዚያስና ዊልሰን ባገኙት በዚያው የጽንፈ ዓለም ቀሪ ሙቀት ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሮጥ፣ አብራት የምትዞረው ሳተላይት በምትሄድበት በኩል ያ ሙቀት በጥቂቱ ከፍ፣ በስተኋላዋ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ይታያታል፤ የልዩነቱ መጠን ከፍጥነቱ በትክክል ይሰላል። ካሲዮፒያ ኤን ሊለኩ የወጡ ሰዎች ያገኙት ትርፍ ለተከታዮቻቸው ማስመሪያ ሆነላቸው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ይጠቅማል?

ቅርቡ ጥቅም ፀሐይ ላይ ነው። በካናዳ ከ1947 ጀምሮ የፀሐይ ብርታት በ10.7 ሴንቲሜትር ሞገድ በየቀኑ ይለካል፤ ጸጥ ባለችበት ጊዜ 700 ሺህ ጃንስኪ ያህል ሲሆን፣ በፀሐይ ነጠብጣቦች ዘመን እጥፍ ድርብ ይሆናል። የላይኛው አየር መሞቅና መስፋት ሳተላይቶችን ምን ያህል እንደሚጎትት የሚያሰሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ይጠቀማሉ። ቁጥሩ ከዘመን ወደ ዘመን ሊነጻጸር የሚችለው ሚዛኑ ስላልተዛነፈ ብቻ ነው።

በዝቅተኛ ድግግሞሽ ለሚሠሩ ቴሌስኮፖች ግን ደማቆቹ ማመሳከሪያ ብቻ ሳይሆኑ ጣጣም ናቸው። ማዕከሉ ሆላንድ የሆነው ሎፋር አንቴናዎቹ ሰማዩን በሙሉ ስለሚያዩ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያነጣጥርም የካሲዮፒያ ኤ እና የሲግነስ ኤ ሞገድ በጎን ይገባበታል። ይህን ጥላ ከመረጃው ላይ ለመቀነስ ብርታታቸውንና ቅርጻቸውን በደንብ ማወቅ ግድ ነው።

ትክክለኛነቱ እስከ ምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ግን ገና ያልተቋጨው ክርክር ነው። በ2018 በምዕራብ አውስትራሊያ የሚሠራው ኤጅስ የተባለ ትንሽ አንቴና በ78 ሜጋሄርዝ ዙሪያ የግማሽ ኬልቪን ጉድለት ማግኘቱን አስታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት በበሩበት ዘመን የነበረ ሃይድሮጅን አሻራ ነው ተባለ። በዚያ ድግግሞሽ ሰማዩ ራሱ ከሺህ ኬልቪን በላይ ያበራል። ግማሽ ኬልቪን ከዚያ ውስጥ ማውጣት ማለት አንቴናው በእያንዳንዱ ድግግሞሽ የሚያደርገውን እጅግ ጥቃቅን ማዛባት ማወቅ ማለት ነው። በሕንድ የራማን ምርምር ተቋም ሰዎች ሳራስ 3 የተባለውን አንቴና ሐይቅ ላይ አንሳፈው በ2022 ያወጡት ውጤት ያንን ጉድለት አላገኘም። ውሃን የመረጡት ከአንቴናው በታች ያለው ነገር ሁሉ አንድ ወጥ እንዲሆን ነው፤ የተደረበ አፈርና ድንጋይ ሞገዱን እየመለሰ የጉድለቱን የመሰለ ቅርጽ ሊፈጥር ይችላልና።